ለጨረቃ ቤት ምን እንምረጥ? ሰውን አስቀድሞ ለሚሠራ የጠፈር ዕቃ የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሥራ አንድ ተማሪዎች ካሉበት የሕዋ ክበብ ጋር እሠራለሁ። የያዝነው ሥራ አንድ ነው፦ አራት ሰዎች ጨረቃ ላይ 30 ቀን የሚኖሩበትን ቤት በእውነተኛ መጠኑ ከጣውላ፣ ከካርቶንና ከአሮጌ ብርድ ልብስ መሥራት። ቤቱ ከመጋዘኑ ወጥቶ የትም አይሄድም። የምንከራከርበት ነገር ግን እውነተኞቹ መሐንዲሶች ከሚከራከሩበት ብዙም አይርቅም፤ በሩ የት ይሁን፣ መብራቱ በምን ይጥፋ፣ ሰው የት ይተኛ፣ ምን ይብላ።

ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ተመሳሳይ ክበብ ለመጀመር ያሰቡ መምህራን ከየት እንደሚጀምሩ ይጠይቁኛል። ስለዚህ እስካሁን ሁለት መንገድ ሆነው የገጠሙንን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ፤ እኔ የምመርጠውንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ዓመት የተጻፈባቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት የሠራነው ቤት ሲያዩት ያምር ነበር። ግድግዳው በሙሉ ስክሪን ነው። ግብዣ ጠርተን ሰዎች ገብተው ሲያዩት አንዲት እናት "ማንኪያውን የት ነው የሚያስቀምጡት?" ብለው ጠየቁ። ማስቀመጫ አልነበረም። ለስክሪኑ እንጂ ለሰውየው አላሰብንም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ከመሣላችን በፊት የአንዱን ነዋሪ ሙሉ ቀን ከመንቃቱ እስከ መተኛቱ በወረቀት እንጽፋለን።

ወንድ አያቴ መንዝ ላይ ቤት ሲያሠሩ ግንበኛውን የጠየቁት ቤቱ በጥቅምት ፀሐይ እንዴት እንደሚታይ አልነበረም። የነሐሴ ዝናብ በየት በኩል እንደሚመታው፣ የኅዳር ውርጭ በየት እንደሚገባ ነበር የጠየቁት። ለእያንዳንዱ ምርጫ የምትጠቀሙበት ሚዛን ይህ ይሁን፦ እጁ የደነዘዘ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የደነገጠ ሰው ይህን ዕቃ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ? ለክፉ ቀን የሚሆነው የትኛው ነው?

ማብሪያ ማጥፊያ ወይስ ንክኪ ስክሪን?

ተማሪዎች ሁሉ በመጀመሪያ የሚመርጡት ስክሪን ነው። አልፈርድባቸውም፤ ስክሪን ጥሩ ነገር አለው። የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ሹትል ወደ 2,000 የሚጠጉ ማብሪያዎችና ቁልፎች ነበሩት። ያን ሁሉ ለማወቅ ዓመታት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ የማያስፈልገውን መንካትም ቀላል ነው። የስፔስ ኤክስ ኩባንያ መንኮራኩር ድራጎን በግንቦት 2020 መጨረሻ ሁለት ሰዎችን ይዛ ስትነሣ ከፊታቸው የነበሩት ሦስት ትልልቅ ንክኪ ስክሪኖች ናቸው። ስክሪኑ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገውን ብቻ ያሳያል፤ ሌላው ከዓይን ይርቃል። የጓንታቸው ጣትም ስክሪኑ እንዲሰማው ተደርጎ የተሠራ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከድራጎን ስክሪኖች ሥር የአደጋ ጊዜ ትእዛዞች በእውነተኛ ቁልፍ ተቀምጠዋል። ጨርሰው አልተዉትም። ለጨረቃ ጉዞ የተሠራችው ኦራይንም ሦስት ስክሪንና 60 ያህል ማብሪያዎች ይዛለች።

ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በታኅሣሥ ማለዳ ጠባሴ ላይ ታክሲ እየጠበቃችሁ ስልካችሁን ለመክፈት ሞክሩ። ጣት ሲደነዝዝ ስክሪኑ አይሰማም፤ የሱፍ ጓንት ካደረጋችሁማ ጭራሽ። ማብሪያ ግን ዓይን ሳያየው እጅ ያገኘዋል፤ ሲበራ "ቀጭ" ይላል፤ መብራቱን ሳታዩም መብራቱ እንደበራ ታውቃላችሁ። መንኮራኩር በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት ዓይን ጽሑፍ ማንበብ ያቅተዋል፤ ክንድም ይከብዳል። በሩሲያው መንኮራኩር በሶዩዝ የሚጓዘው አዛዥ በወንበሩ ላይ በጥብቅ ታስሮ ስለሚቀመጥ ከፊቱ ያለውን ሰሌዳ በእጁ አይደርስበትም፤ ቁልፎቹን የሚጫነው በአጭር ዱላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ኋላ ቀር ይመስለዋል። እኔ ግን አከብረዋለሁ፦ ችግሩ የእጅ ርዝመት ነው፣ መልሱም እጁን ማርዘም ነው።

ለማብሪያ የሚያዳላ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈችበት ጊዜ ከጨረቃ የሚያስነሣውን ሞተር የሚያዘጋጀው ማብሪያ (ብሬከር) ጫፉ ተሰብሮ ተገኘ። ጠባብ ቦታ ውስጥ ትልቅ ቦርሳ በጀርባው ያዘለ ሰው ሲዞር ነክቶት ሳይሆን አይቀርም። በዝ ኦልድሪን በቀለም እስክሪብቶ ጫፍ ገፍቶ አስገባው። ስለዚህ ማብሪያ ከመረጣችሁ ሰው የሚዞርበትን ቦታ ከነቦርሳው ለኩ፤ ወይም መከላከያ ከንፈር አድርጉለት።

የእኔ ምርጫ፦ ለማወቅና ለመከታተል ስክሪን፤ ሕይወት ለሚያድኑ ትእዛዞች ማብሪያ። ማብሪያዎቹም ከሁለት እጅ ጣት አይብለጡ። በቤታችን ውስጥ አየር፣ መብራት፣ ግፊት፣ እሳት ማጥፊያ፣ ሬድዮና የውጭ በር ብቻ ማብሪያ አላቸው። ቅርጻቸውም ይለያያል፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ባለ ማዕዘን፣ አንዱ ሸካራ። በጨለማ በመዳሰስ ብቻ መለየት እንዲቻል ነው።

በልክ የተሰፋ ወይስ የሚገጣጠም የጠፈር ልብስ?

ጋቢ ልክ አይጠይቅም፤ ረጅሙም አጭሩም ይለብሰዋል። የጠፈር ልብስ ግን እንደዚያ አይደለም። ውስጡ በአየር ግፊት የተነፋ ስለሆነ ጣትን ማጠፍ ብቻ ጠንካራ ኳስ እንደመጭመቅ ነው። መጋጠሚያው ከክርናችሁ ሁለት ጣት ከራቀ ቀኑን ሙሉ ከልብሱ ጋር ስትታገሉ ትውላላችሁ።

በአፖሎ ዘመን ልብሱ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ይሰፋ ነበር፤ ሰፊዎቹም ከዚያ በፊት የሴት የውስጥ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ይህን ያህል ወጪ ለጥቂት ሰዎች ያስኬዳል። ከሹትል ጀምሮ ግን በርካታ ሰዎች ስለሚበሩ ደረት፣ ክንድና እግር ለየብቻ ተሠርተው እንደየሰዉ የሚገጣጠሙበት መንገድ መጣ። በወጪ በኩል ብልህነት ነው። ጉድለቱ የታየው መጋቢት 2019 ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሁለት ሴቶች አብረው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ሊወጡ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ከሁለቱ አንዷ አን ማክሌይን ከሳምንት በፊት በወጣችበት ጊዜ መካከለኛው የደረት ክፍል እንደሚስማማት አወቀች፤ ለሥራ ዝግጁ የነበረው መካከለኛ ግን አንድ ብቻ ነበር። ሌላውን ለማዘጋጀት ብዙ ሰዓት ስለሚጠይቅ በእሷ ፈንታ ወንድ ባልደረባዋ ወጣ። ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሚየር አብረው የወጡት ጥቅምት 18 ቀን 2019 ነው።

ይህን ለክበቡ ስነግር ሴት ተማሪዎቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ "ዕቃው አለ፣ ለእኛ ግን አልተዘጋጀም ማለት ነው" አለች። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም።

ልብስ ለሰው ካልሆነ ምን እንደሚከተል ሁለት ቀን ልጥቀስ። መጋቢት 18 ቀን 1965 የሶቪየቱ አሌክሴይ ሊዮኖቭ ከመንኮራኩር የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ለ12 ደቂቃ ያህል ውጭ ቆየ። ልብሱ ባዶ ጠፈር ውስጥ ተነፍቶ እጁ ከጓንቱ፣ እግሩ ከጫማው ሸሸ። ወደ ውስጥ ለመግባት የልብሱን አየር ቀስ በቀስ ማስተንፈስ ነበረበት፤ ሞት ያለበት ውሳኔ ነው። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ጂን ሰርናን ከጄሚኒ 9 መንኮራኩር ወጥቶ ሁለት ሰዓት ሲታገል ሰውነቱ ጋለ፣ ላቡ መስታወቱን አጨለመበት። የጄሚኒ ልብስ ሰውን የሚያቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነበር። ለአፖሎ በቀጭን ቱቦዎች ውኃ የሚዘዋወርበት የውስጥ ልብስ ተሠራ፤ ዛሬም የሚለበሰው የዚያ ዝርያ ነው።

የእኔ ምርጫ የሚገጣጠመው ነው፤ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ልኩ ከመካከለኛው ሰው አይጀምር፤ ከቡድኑ አጭሯንና ረጅሙን ለኩና ከሁለቱ ጫፍ ተነሡ። ሁለተኛ፣ ጓንት ለየሰዉ ይሰፋ። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በእጅ ነው፤ በጓንት ምክንያት ጥፍራቸው የተነቀለ ጠፈርተኞች አሉ።

ወንበርም እንዲሁ ነው። የሶዩዝ ወንበር ውስጠኛ ክፍል ለእያንዳንዱ ተጓዥ በገላው ቅርጽ ይቀረጻል፤ ምድር ላይ ሲያርፍ የሚመታው ኃይል በጀርባው ሁሉ እንዲከፋፈል። ከራስ በላይ ትንሽ ክፍት ቦታም ይተዋል፤ ክብደት በሌለበት የጀርባ አጥንት ስለሚላቀቅ ሰው እስከ 3 በመቶ ሊረዝም ይችላል። ልክ የምትወስዱት ከመሄዱ በፊት ብቻ ሳይሆን ለመመለሻውም ነው።

መስኮት ወይስ ካሜራና ስክሪን?

መሐንዲስ ሁሉ መስኮት ይጠላል ብል ማጋነን አይሆንም። መስታወት ከባድ ነው፤ ግድግዳውን ያዳክማል፤ ጠጠር ሊመታው ይችላል። ካሜራ በአንጻሩ ቀላል ነው፤ በጨለማም ያያል፤ በየአቅጣጫው ይዞራል። በወረቀት ላይ ክርክሩ እዚሁ ያበቃል።

የኖሩበት ሰዎች ግን ሁልጊዜ መስኮት ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት የአሜሪካ ጠፈርተኞች ሜርኩሪ ለተባለው መንኮራኩራቸው ትክክለኛ መስኮት እንዲሠራ ጠየቁ፤ በ1961 አለን ሼፐርድ ሲበር ገና በትንንሽ ቀዳዳና በፔሪስኮፕ ነበር የሚያየው፤ ቀጥሎ የበረረው ገስ ግሪሶም ግን መስኮት አገኘ። በ1973 ወደ ላይ ለተላከው ስካይላብ ጣቢያ ደግሞ ናሳ ታዋቂውን የዕቃ ነዳፊ ሬይመንድ ሎዊን አማካሪ አደረገ። እሱም መመገቢያ ክፍሉ መስኮት እንዲኖረው አጥብቆ ተከራከረ። ተደረገለት፤ ሰዎቹም ትርፍ ጊዜያቸውን እዚያ አሳለፉ። በ2010 ዓለም አቀፉ ጣቢያ ላይ የተገጠመው ኩፖላ የተባለ ክፍል ሰባት መስኮቶች አሉት፤ ሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ የሚዘጋ የውጭ መዝጊያም አለው።

የመንዝን የድንጋይ ቤት ያየ ሰው መልሱን ያውቃል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ቦታው ግን በዘፈቀደ አይደለም። ሽማግሌው ከተቀመጡበት መደብ ሆነው ከብቱ ሲገባ፣ እንግዳ ሲመጣ ያያሉ። ብርድ የሚያስገባውን ቀዳዳ ባለቤቱ የታገሠው ውጭውን ማየት ስለሚሻ ነው።

ስለዚህ፦ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ቁመት፣ መዝጊያ ያለው። ካሜራውን ለውጭ ሥራ አድርጉት። ጨረቃ ላይ ወደ መሬት የዞረ ቦታ ከመረጣችሁ መሬት በሰማይ ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ላይ ቆማ ነው የምትታየው፤ ስለዚህ መስኮቱን ወደ እሷ ማዞር ይቻላል። ተማሪዎቼ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ አንድም ቀን ተከራክረው አያውቁም።

ለየብቻ መኝታ ወይስ አንድ ሰፊ ክፍል?

እዚህ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ተለያየን። ብዙዎቹ ያደጉት ምድጃ ዙሪያ አብሮ በሚተኛበት ቤት ነው፤ ለየብቻ መተኛት የቅጣት ይመስላቸዋል። "አራት ሰው ብቻ ሆኖ ደግሞ በር ይዘጋል?" አሉኝ። የሚያስከብር ሐሳብ ነው። ቦታም ይቆጥባል።

ግን በዘመድ መካከል መተኛትና ከሥራ ባልደረባ ጋር ለአንድ ወር መዘጋት አንድ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያኮርፍ ሰው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጎረቤት ቡና ይጠጣል። ጨረቃ ላይ ደጅ የለም። በዓለም አቀፉ ጣቢያ ያሉት የመኝታ ክፍሎች የቆየ የስልክ ዳስ ያክላሉ፤ ሰው ግን በሩን ዘግቶ ለቤተሰቡ ይደውላል፣ ያነባል፣ ያለቅሳል። ያ ትንሽ ቦታ የሚገኝ ከሆነ ሌላው ጥበት ይቻላል።

ስለ እንቅልፍ ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንዱ አየር ነው፤ ክብደት በሌለበት ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለማይወጣ የተኛ ሰው የተነፈሰው አየር ፊቱ ላይ ሊከማች ይችላል፤ ማራገቢያ የግድ ነው፤ ማራገቢያ ደግሞ ይጮኻል። ስለዚህ የአየር መውጫው ከራስጌ ይሁን፣ ሞተሩ ራቅ ይበል። ሌላው ብርሃን ነው። ጣቢያው መሬትን በ90 ደቂቃ ገደማ ስለሚዞር በቀን 16 ጊዜ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ሰውነት ግራ ይገባዋል። ከ2016 ጀምሮ እዚያ የገቡት መብራቶች ለሥራ ሰዓት ወደ ሰማያዊ፣ ከመኝታ በፊት ወደ ቀይ የሚያደላ ብርሃን እንዲሰጡ ተደርገዋል። ጨረቃ ላይ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ቀኑ ሁለት ሳምንት፣ ሌሊቱም ሁለት ሳምንት ነው፤ ቀንና ሌሊትን የሚሠራው መብራቱ ነው ማለት ነው።

አንድ ላይ መሆንን የሚፈልገው የተማሪዎቼ ልብም ትክክል ስለሆነ ጠረጴዛውን ትልቅ አደረግነው። ስካይላብ ላይ ጠረጴዛው ባለ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ሦስቱ ሰዎች እኩል እንዲቀመጡ፣ ማንም ራስጌ እንዳይይዝ። በዓለም አቀፉ ጣቢያ የመጀመሪያው ቡድን በኅዳር 2000 ሲገባ አዛዡ ቢል ሼፐርድ ከተረፈ ብረታ ብረት ጠረጴዛ ሠራ። ዕቃ በማይቀመጥበት ቦታ ጠረጴዛ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ሰው ግን ዙሪያውን የሚሰበሰብበት ነገር ይፈልጋል፤ እኛ መሶብ ዙሪያ ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገንም።

የታሸገ ስንቅ ወይስ ትኩስ ምግብ?

በዚህ ክፍል ላይ እቆያለሁ፤ ከዚህ አገር የሚዋጣ እውቀት ያለው እዚህ ነውና። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚይዝ ሸዋ ውስጥ ጥንት የታወቀ ነው፦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። ውኃው ወጥቷል፤ ይቀላል፤ አይበላሽም። የጠፈር ምግብም ያው ሥርዓት ነው፤ ውኃውን አውጥቶ መላክ፣ እዚያ ሲደርስ ውኃ መጨመር።

ልዩነቱ ፍርፋሪ ነው። ክብደት በሌለበት ፍርፋሪ አይወድቅም፤ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ማራገቢያ ይዘጋል፣ በዕቃ መካከል ይሰወራል። በ1965 ጆን ያንግ በጄሚኒ 3 ላይ በኪሱ ደብቆ የያዘውን የሥጋ ሳንድዊች ሲያወጣ መፈርፈር ስለጀመረ ወዲያው መለሰው። ጨውና በርበሬ እንኳ በፈሳሽ ነው የሚቀርቡት። በ1985 የሜክሲኮው ሮዶልፎ ኔሪ ቬላ ቶርቲያ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዳቦን የተካው ይህ ጠፍጣፋ ቂጣ ነው። አይፈረፈርም፣ ይጠቀለላል፣ በአንድ እጅ ይበላል፤ ኦክስጅን በሌለበት ከታሸገ ለወራት ይቆያል።

ከተማሪዎቹ ጋር የአገራችንን ስንቅ በዚህ ሚዛን አንድ በአንድ አየነው። ደረቅ በሶ አይሆንም፤ ዱቄቱ ይበናል። በቅቤ ተለውሶ ጭኮ ሲሆን ግን እጅግ ጥሩ ነው፤ ጉልበት ይሰጣል፣ አይፈረፈርም፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ድርቆሽ በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ውኃና ወጥ ከተጨመረበት ይሠራል፤ ከፍቶ በእጅ መቆንጠር ግን አይቻልም። ቆሎ አጨቃጭቆናል፤ ፍሬው አንድ ጉርሻ ስለሆነ ደህና ነው፣ ገለባው ግን ይበናል። ገለባው በደንብ ከተፈተገ እኔ እፈቅዳለሁ። እንጀራ እንደ ቶርቲያ አይፈረፈርም፤ ችግሩ እርጥበቱ ነው፤ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ቋንጣ ያለ ክርክር አለፈ።

አንድ ተማሪ "ጨረቃ ላይ ግን ስበት አለ፤ ፍርፋሪ ይወድቃል" ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነው፤ የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህል ስበት አለ፤ ይወድቃል፣ ቀስ ብሎ። መንገዱ ግን ሦስት ቀን ገደማ ክብደት የለሽ ነው። ስለዚህ ስንቁን ለሁለት ከፈልነው፦ የመንገድና የቤት። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ቅመምንም አትርሱ። ክብደት በሌለበት የሰውነት ፈሳሽ ወደ ራስ ስለሚወጣ ሰው ጉንፋን እንደያዘው ይታፈናል፤ ምግብ ጣዕም ያጣበታል። ብዙ ጠፈርተኞች የሚያቃጥል ነገር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ሚጥሚጣ ዱቄት ስለሆነ አይሆንም፤ አዋዜ ግን እንደተፈጠረለት ነው።

ትኩሱን በተመለከተ፣ ነሐሴ 2015 ላይ ጠፈርተኞች በጣቢያው ያበቀሉትን ቀይ ሰላጣ በሉ። 30 ቀን ለሚቆይ ቤት አትክልት ሆድ አይሞላም፤ ቦታና ውኃ ይወስዳል። እኔ ግን አንድ ክንድ የምታህል መደብ አስገብቻለሁ። የሚያጠጡት፣ የሚያሸቱት፣ ማለዳ ተነሥተው አደገ ወይስ አላደገም የሚሉት ነገር እንዲኖር ነው። ለቡና ደግሞ የጠፈርተኛውን የዶን ፔቲትን ሲኒ ተመልከቱ፤ በ2008 ጣቢያው ላይ ሳለ ከፕላስቲክ ወረቀት አጥፎ አንድ ጎኑ ሹል የሆነ ሲኒ ሠራ። ቡናው በሹሉ ጎን እየተሳበ ወደ ከንፈር ይደርሳል። ከዚያ በፊት ከከረጢት በቱቦ ነበር የሚጠጣው፤ መዓዛ የለውም። መዓዛ የሌለው ቡና ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በአጭሩ የሚያልፉ ምርጫዎች

ልብሱ ቤት ይግባ ወይስ ውጭ ይቅር? የጨረቃ አቧራ ስለታም ነው፤ ነፋስና ውኃ ስላልፈተጉት ጫፉ አልተሸረፈም። በ1972 የአፖሎ 17ቱ ሃሪሰን ሽሚት አቧራው ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ አለርጂ አስነጠሰው። ልብሱ ከቤቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሰው ከውስጥ የሚገባበት አሠራር በሙከራ ተሽከርካሪ ላይ ታይቷል። እሱን ምረጡ። ጫማን ደጅ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

መለዋወጫው የተለያየ ይሁን ወይስ አንድ ዓይነት? አንድ ዓይነት፣ ያለ ጥርጥር። በ1970 አፖሎ 13 ላይ የተቃጠለውን አየር የሚያጣራው ጣሳ በአንደኛው መንኮራኩር አራት ማዕዘን፣ በሌላው ክብ ነበር። ሦስት ሰዎች የዳኑት በላስቲክ፣ በካርቶንና በፕላስተር አንዱን ለሌላው እንዲሆን ስላደረጉት ነው።

ሽንት ቤትና ውኃ ላይ ተማሪዎች ይስቃሉ፤ አስቁሟቸው። ዓለም አቀፉ ጣቢያ በ2023 ሽንትንና ላብን ጨምሮ ከሚጠቀመው ውኃ 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት ችሏል። በ2020 የተላከው አዲሱ ሽንት ቤት ደግሞ ለሴቶች እንዲመች ተደርጎ ተነድፏል። የቀድሞው ለወንድ ሲመች ለሴት አይመችም ነበር።

የሥራ ሰዓትን ማን ያውጣ፣ መሬት ወይስ ነዋሪው? በ1973 መጨረሻ የስካይላብ ሦስተኛው ቡድን ከመሬት በሚመጣለት ፕሮግራም ተጨናንቆ ደከመ፤ በግልጽ ተነጋግረው ሥራው ከተስተካከለ በኋላ ብዙ ሠሩ፣ 84 ቀን ቆዩ። ከጨረቃ ድምፅ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፤ ከማርስ ግን እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ለአንድ መንገድ። ለጨረቃ ግማሽ በግማሽ ብላችሁ ጻፉ፤ ለማርስ ነዋሪው ይወስን።

መርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ

ናሳ ከሰኔ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 አራት ሰዎችን በሂውስተን 158 ካሬ ሜትር በሆነ የማርስ መሰል ቤት ለ378 ቀናት አስቀምጧል። እናንተ አንድ ሌሊት ይበቃችኋል። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ብርዱ በሚጠናበት ወቅት፣ ወላጅ ፈቅዶ፣ አንድ ትልቅ ሰው በር ላይ እያደረ፣ አራት ተማሪዎችን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ቤቱ ውስጥ አስቀምጡ። የሱፍ ጓንት ይልበሱ። ስልክ አይያዙ። እጅ ለአንድ ነገር ተዘርግቶ ባልደረሰ ቁጥር በወረቀት ላይ አንድ ጭረት ያስምሩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳትነግሯቸው መብራቱን ከውጭ አጥፉና የአደጋ መብራቱን ለማግኘት የፈጀባቸውን ጊዜ ያዙ።

እኛ ባለፈው ታኅሣሥ ያደረግነው ይህንን ነው። ጭረቱ በጠቅላላው 41 ሆነ፤ 19ኙ የአንዲት ልጅ ነበር፤ ከአራቱ አጭሯ። መብራት በጠፋ ጊዜ ወደ ማብሪያው ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት፤ ግን ቁመቷ አልደረሰበትም፤ በጨለማ ሌላ ሰው እስኪመጣ ጠበቀች። በማግሥቱ ማብሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግነው። ረጅሙ ልጅ ደግሞ በጨለማ እጁ በለመደው ቁመት እየዳሰሰ አጣው። አሁን ያው ቅርጽ ያለው ማብሪያ በሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ በትከሻዋ፣ አንዱ በትከሻው ቁመት። በመካከላቸው ከመንዝ ሱፍ የተገመደ ገመድ ዘርግተናል፤ ማንኛቸውም ገመዱን ካገኙ እየዳሰሱ ይደርሳሉ።